ሸክላዬ እሳት ውስጥ ለምን ይፈነዳብኛል?

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሥራ መልስና እሁድ እሁድ፣ ቤተሰቦቼ ግቢ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ሸክላ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጭቃውን የማመጣው ቀጨኔ ካሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ነው። አሸዋና ጠጠር ስለሚበዛው አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በዱቄት ወንፊት ነፍቼ ነው የማቦካው። አየር እንዳይቀርበትም በደንብ አሻለሁ። የሠራሁትን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጥቼ ግማሽ በርሜል ውስጥ በእንጨት አቃጥላለሁ። ባለፈው ካቃጠልኳቸው 22 ዕቃዎች 13ቱ ተሰበሩ። ሦስቱ እንደ ጥይት ጮኸው ነው የፈነዱት። የተረፉት ስኒዎች ደግሞ ቡና ሲቀዳባቸው ከውጭ ያልባቸዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ክብ እርጥበት ይተዋሉ። ቫርኒሽ ብቀባቸው ይሆናል? አሁን ተበድሬም ቢሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ ልገዛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለስምንት የሰፈር ልጆች ትምህርት ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ምድጃውን አሁን አትግዢ። የተሰበሩብሽ ዕቃዎች እሳት ከማየታቸው በፊት ነው የተበላሹት። እነዚያኑ ዕቃዎች የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ብትከቻቸው እዚያም ይፈነዳሉ። እዚያ ደግሞ ፍንጣሪው የምድጃውን የማሞቂያ ሽቦ ሊጎዳ ይችላል፤ ኪሳራው ከስኒ ዋጋ ያልፋል። ብድር ይዘሽ ወደዚያ እንዳትገቢ ስለፈለግሁ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ከአየሩ ልጀምር። ሸክላ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይሄ ነው፤ «ጭቃው ውስጥ አየር ከቀረ ይፈነዳል» ይባላል። ልክ አይደለም። አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ግን የደረቀ ሸክላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ስለሆነ በዚያ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። የሚያፈነዳው ውሃ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። የስኒው ግድግዳ ውስጥ የቀረ እርጥበት በአንዴ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ዙሪያውን ገንጥሎ ይወጣል። እንደ ጥይት የጮኸብሽ እሱ ነው።

ይሄን ለተማሪዎቼ ለማሳየት አንድ ጊዜ ሁለት ኳስ ሠራሁ። አንዱን ውስጡን ባዶ አድርጌ አየሩን ዘጋሁበትና አምስት ሳምንት ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ሌላውን ድፍን አድርጌ፣ ምንም አየር እንዳይኖረው ክንዴ እስኪዝል አሸሁትና በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጋር አብሬ አቃጠልኩት። ባዶው እንዳለ ወጣ። ድፍኑን ከአመዱ ውስጥ በቁርጥራጭ ነው የለቀምነው። ማሸቱን አትተዪ፤ ጭቃው አንድ ዓይነት እንዲሆን ይጠቅማል። የተዘጋ ነገር ስትሠሪም በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ አብጂለት፤ ውስጠኛው ግድግዳ እንዲደርቅ ይረዳዋል። ግን ፍንዳታውን በማሸት አታቆሚውም።

ሁለተኛው ነገር ወንፊቱ ነው። መልእክትሽን ሳነብ እዚህ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ቀጨኔ ያሉት እናቶች በሸጡልሽ ጭቃ ውስጥ ያለው አሸዋ ቆሻሻ አይደለም። አውቀው የተዉት፣ አንዳንዴም አውቀው የጨመሩት ነው። ያ ሻካራ ነገር ጭቃው ውስጥ እንደ አጥንት ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አሸዋና ገል ግን አይኮማተሩም፤ ስለዚህ ጠቅላላ መኮማተሩን ይቀንሱታል። በየፍሬው ዙሪያ ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ቀጭን መንገድ ይፈጠራል። እሳት ውስጥ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ ፍሬው ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ሜዳ ላይ በሚነድ እሳት ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ በነፋስ ደግሞ ይወርዳል። ያንን የሚችለው ሻካራ ጭቃ ነው። አንቺ በዱቄት ወንፊት ነፍተሽ ያስቀረሽው ልሙጥ ጭቃ ለእጅ ይመቻል፤ ለዚያ እሳት ግን አልተሠራም።

ስለ እነዚህ ሴቶች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቀጨኔ ያሉትም፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል እናቶችም፣ በዚህ ሙያቸው «ቡዳ» እየተባሉ፣ ጋብቻ እየተከለከሉ ነው ዘመናቸውን የገፉት። በሠሩት ጀበና ቡናው እየተጠጣ፣ በሠሩት ምጣድ እንጀራው እየተጋገረ እነሱ ተገለሉ። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸውና በዓይናቸው ብቻ፣ ክብ የሆነ ትልቅ ምጣድ ያወጣሉ። ጭቃቸውን ከመንፋትሽ በፊት «ይሄ አሸዋ ለምንድን ነው?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ኖሮ ስምንት ወርሽን ባተረፍሽ ነበር። አሁንም አልመሸም። ሂጂና ጠይቂ፤ ላስተማሩሽ ቀን ደግሞ የቀን ዋጋቸውን ክፈዪ። የትምህርት ክፍያ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የተሰበሩትን 13 ዕቃዎች አትጣያቸው፤ ገል ናቸው። ውሃ ረጨት አድርጊባቸውና ከቤት ውጭ ውቀጫቸው። ለስኒና ለትንንሽ ዕቃ ፍሬው ጤፍ ያህል ይሁን፤ ለጀበናና ለድስት እስከ ሰሊጥ ያህል ቢሆን ይችላል። ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል ጨምሪ። እሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ ሦስት ለአንድ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ጭቃው እርጥብ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ፤ ሲያድር ይበልጥ ይታዘዛል። እንደ ጥንቱ አፈር ብቻ ከፈለግሽ ደግሞ አትንፊው፤ ትልልቁን ጠጠር በእጅሽ ልቀሚና የቀረውን እንዳለ ተዪው። ነጭ የኖራ ጠጠር ካየሽ ግን አንዱንም አታሳልፊ። ኖራ ከተቃጠለ በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ደህና የወጣ ዕቃ ከሳምንታት በኋላ መደርደሪያ ላይ እያለ ሽርፍርፍ ይላል።

ዋናው ጥፋት ግን ማድረቂያው ነው። ሁለት ቀን፣ ያውም ፀሐይ ላይ! ስኒሽን አንሺና ተመልከቻት። አፏ ቀጭን ነው፣ ነፋስ በሁለት በኩል ያገኘዋል። መቀመጫዋ ወፍራም ነው፣ በአንድ በኩል ጣውላ ላይ ተጣብቋል። የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ነፋስ አፏን በግማሽ ቀን ያደርቁታል። የደረቀው ክፍል ተኮማትሮ ጨርሷል፤ እርጥቡ ገና ሊኮማተር ነው። አንዱ ሲጎትት አንዱ እምቢ ሲል መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ አይታይሽም። እሳት ሲነካው ነው አፉን የሚከፍተው።

ሸክላ ምን ያህል እንደሚኮማተር ራስሽ ለክተሽ እይው። ከጭቃሽ አንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሥሪና ላዩ ላይ በቢላ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሪ። ሲደርቅ እንደገና ለኪው። 9.3 ከሆነ ጭቃሽ በመድረቅ ብቻ ከመቶ 7 እጅ ቀንሷል ማለት ነው። ገል ጨምረሽ ያንኑ ሥሪና አወዳድሪው። በዚህች ሙከራ ከብዙ ወር ግምት የበለጠ ትማሪያለሽ።

እኔ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰኞ የተሠራ ስኒ ያን ቀን ማታ ሙሉ በሙሉ ፌስታል ውስጥ ያድራል። ማክሰኞ፣ አዲስ የተከፈተ ሳሙና ያህል ጠንከር ሲል፣ እጀታው ይገጠማል። እጀታውና ስኒው እኩል እርጥበት ላይ መሆን አለባቸው፤ ለስላሳ እጀታ ጠንካራ ስኒ ላይ ከተለጠፈ ሲደርቅ ተፈልቅቆ ይወድቃል። የሚጋጠሙበትን ቦታ በሹካ ቧጭሪው፣ ከዚያው ጭቃ የተበጠበጠ ሙክ ቀቢው፣ ከዚያ ጫን ብለሽ አጣብቂው። እጀታ የተገጠመለት ስኒ ሦስት ቀን ፌስታሉ ላላ ብሎ ተሸፍኖ ይቆያል። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ይደፋል። ጋዜጣው እንዲንሸራተት ስለሚፈቅድለት ሲኮማተር አይጨናነቅም። ስድስት ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ከማይመታው ቦታ ይቀመጣል። በጠቅላላው ሁለት ሳምንት ገደማ። ክረምት ከሆነ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት።

መድረቁን በቀን አትቁጠሪ፣ መዝኚው። ለዳቦ የሚሆን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃሻል። አንድ ስኒ ሲሠራ 400 ግራም ከነበረ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። 320 አካባቢ ደርሶ ሁለት ቀን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ደርቋል። ሚዛን ከሌለሽ ጉንጭሽ አለ። ይሄን ያሳየችኝ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናት። ጀበናውን አነሳች፣ መቀመጫውን ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቆየችና «ገና ይቀዘቅዛል» ብላ መለሰችው። ውሃ እየተነነ ያለበት ዕቃ ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። የደረቀ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር ጋር እኩል ነው። ያን ጀበና ከአራት ቀን በኋላ ነው እሳት ያሳየችው።

አሁን ወደ እሳቱ። ደርቋል ያልሽውም ዕቃ ቢሆን ከአየሩ የሳበው ትንሽ እርጥበት አለው። እሱ እስኪወጣ ድረስ ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት በታች መቆየት አለበት። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች 95 ዲግሪ ላይ አቆዩ የሚሉት ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ ዘንድ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ 80 ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆየት ይሻላል። በርሜል ላይ ይሄን የምታደርጊው ፍም በማቀጣጠል ነው። ዕቃዎቹን በፍሙ ዙሪያ ደርድሪ፣ አፋቸው ወደ እሳቱ ይዙር፣ በየሃያ ደቂቃው እያዞርሽ በጥቂት በጥቂቱ አስጠጊያቸው። በእጅሽ መያዝ እስኪያቅትሽ ሲሞቁ ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚገቡት።

ከዚያ በኋላም አትቸኩዪ። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መሃል ከአፈሩ ጋር የተዋሃደው ውሃ ይወጣል፤ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። 573 ላይ ደግሞ አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ በድንገት ይኮማተራል። ስለዚህ አመዱ ቀዝቅዞ እጅሽን መክተት እስክትችዪ ድረስ አትንኪው። ኩበት ካገኘሽ ከእንጨት ይሻላል፤ ሙቀቱን እኩል ይዞ ይቆያል። ላዩን በገል ሸፍኝው፣ ነፋስ እንዳይመታው።

በርሜሉ ቀድሞ ምን ተይዞበት እንደነበር ካላወቅሽ አትጠቀሚበት። የኬሚካል በርሜል ወይም ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲግል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። እሳቱም ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ ከመስኮት ርቆ ይሁን። ዝናብ መጣ ብለሽ ፍሙን ወደ ሰርቪስ ክፍሏ እንዳታስገቢ። በከሰል ጭስ ታፍኖ ስለሞተ ቤተሰብ ያልሰማ የለም፤ ይሄም ያው ነው።

ስኒዎቹ የሚያልባቸው ለምንድን ነው? እሳቱ አንሶ ነው። ሜዳ ላይ የተቃጠለ ሸክላ በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚበስለው። በዚያ ሙቀት ሸክላ ይጠነክራል፤ ቀዳዳው ግን አይደፈንም። ይሄ ለምጣድና ለድስት በረከት ነው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው አይሰነጠቁም። ለስኒ ግን እንቅፋት ነው። ቫርኒሽ አትቀቢ። ቫርኒሽ ለእንጨት ነው የተሠራው፤ ትኩስ ቡና ሲነካው ይላላል፣ ከቡናው ጋር ወደ ሆድ ይገባል። ለራስሽ ቤትም፣ ለሽያጭም አይሆንም።

በዚህ እሳት የምትችያቸው ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። ጀበና፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የአበባ መትከያ፣ ትንሽ ድስት። ጀበናና ድስት በማሟሸት ይደፈናሉ። ምጣድን በጎመን ዘር እናሟሸው የለ? ጀበናን ደግሞ የቡና አተላ በውሃ ደጋግሞ በማፍላት። የቡናው ዘይትና ደቃቁ አተላ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ለገዢሽ ይሄን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ስጪ። «አዲስ ጀበና አልቦት ነበር» ብሎ የሚመለስ ሰው አይኖርሽም።

ስኒ መሸጥ ከፈለግሽ ግሌዝ ያስፈልግሻል፤ እሳት ውስጥ ቀልጦ ሸክላውን እንደ ብርጭቆ የሚሸፍነው ቅብ ነው። ግሌዝ ደግሞ ምድጃ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ የሚነሳው። 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ ምድጃ 7 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 32 አምፔር ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ መስመር አንድ ላይ እንደማስነሳት አስቢው፤ ያውም ለስምንት ለዘጠኝ ሰዓት። የግድግዳ ሶኬትሽ 16 አምፔር ነው የሚችለው። ከቆጣሪ ጀምሮ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ይሄን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፤ ቆጣሪሽ ያን ያህል ጭነት መቻሉንም እሱ አስቀድሞ ይይልሽ። እኔ መጀመሪያ ላይ በርካሽ ያሠራሁት መስመር መጋጠሚያው ግሎ የፕላስቲክ ሽታ ነው የቀሰቀሰን። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። መብራት መጥፋቱ ግን ያን ያህል አያስፈራሽ። ምድጃው ሙቀቱን ይዞ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ዕቃው በአብዛኛው አይጎዳም፤ ሌላ ቀን ከመጀመሪያው ታስነሽዋለሽ።

ሌላው የማይነገርሽ ነገር ጭቃሽ ነው። ምድጃው ላይ 1,280 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈው የምድጃው አቅም ነው፣ የጭቃሽ አይደለም። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር በአብዛኛው ከ1,100 ወዲያ ያብጣል፣ ይጠማዘዛል፤ ካለፈም ቀልጦ መደርደሪያው ላይ ይጋገራል። የራስሽን ጭቃ ወሰን ሳታውቂ ትልቅ ምድጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የግሌዝ ዱቄት ስትገዢም ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን አትንኪ። እርሳስ ወይም ካድሚየም ያለበት ግሌዝ ለምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም። የተቃጠለውን ስኒ አንድ ሌሊት አቼቶ ሞልተሽ ብታሳድሪው ቀለሙ ከለቀቀ ወይም ከፈዘዘ መጥፎ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቀለሙ ካልተቀየረ ግን እርሳስ የለበትም ማለት አይደለም፤ ያንን ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚነግርሽ።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ዕቃ ነው፣ ቢሰበር ይተካል። የሚቀጥለው ግን ሳንባሽ ነው፤ አንቺ ግን አንድም አልጠየቅሽበትም። ደረቅ ጭቃ ፈጭቼ በወንፊት እነፋለሁ ብለሽኛል። የት ነው የምትነፊው? ሰርቪስ ክፍሏ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። የሸክላ አፈር ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። በጣም ደቃቁ ብናኝ ዓይን አያየውም፣ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ለዓመታት ሲጠራቀም ሳንባን ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል፣ መድኃኒት የለውም። ሳል አልጀመረኝም ብለሽ አትጽናኚ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ደረቅ ጭቃ አትፍጪ። ባልዲ ውስጥ ውሃ አፍስሽበትና አሳድሪው፣ ራሱ ይፈርሳል። ክፍሏን በመጥረጊያ አትጥረጊ፤ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ወለሉን ወልውዪ። የደረቀ ስኒ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊ፤ ማለስለስ ካለብሽ በእርጥብ ስፖንጅ። ገል ስትወቅጪ ውጪ፣ ውሃ ረጭተሽ፣ ኤን 95 ጭምብል አድርገሽ። ጨርቅ ጭምብል አይበቃም። የሥራ ሽርጥሽን ይዘሽ ወደ መኝታ ቤት አትግቢ፣ እዚያው ነክረሽ እጠቢው። የእጅ መታጠቢያው ደግሞ ሦስት ባልዲ ይሁን። በመጀመሪያው ትታጠቢያለሽ፣ በሁለተኛው ታለቀልቂያለሽ፣ በሦስተኛው ትጨርሺያለሽ። ጭቃው ከታች ይረጋል፤ ላዩን ውሃ ቀስ ብለሽ ትደፊና የረጋውን መልሰሽ ታቦኪዋለሽ። ጭቃ ያለበትን ውሃ ቱቦ ውስጥ ካፈሰስሽ ግን የግቢው ፍሳሽ በወራት ውስጥ ይደፈናል።

ልጆቹ። ስምንት አትቀበዪ፣ በአራት ጀምሪ። አንድ ሰው ስምንት ጥንድ ጭቃማ እጅ መከታተል አይችልም። ልጆች ሳንባቸው ገና እያደገ ነው፤ ስለዚህ አርብ ማታ ክፍሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ይደር፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚነኩት እርጥብ ጭቃ ብቻ ይሁን። ዱቄት፣ ግሌዝ፣ ገል መውቀጥ፣ እሳት፣ እነዚህን ሁሉ ለአንቺ ተዪ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው ትምህርት የአውራ ጣት ሥራ ነው። ብርቱካን የምታህል ድቡልቡል ጭቃ በመዳፋቸው ይዘው፣ አውራ ጣታቸውን መሃሏ ላይ ሰክተው፣ እያዞሩ ግድግዳውን ያሳሳሉ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ውፍረቱን በጣታቸው ይፈልጉ። የትኛው ቦታ እንደወፈረ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። ይሄን ስታስተምሪ አንቺም ትማሪያለሽ፣ እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት።

እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ይሥራ። ከእሳት የሚተርፈው አንዱ ሊሆን ይችላል። ለወላጅም፣ ለልጁም ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ለእናቱ የሠራት ስኒ ፈንድታበት እኔ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ «ሳምንት ትወስዳለህ» ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳምንት አልልም። ወር ነው የምለው፣ ሁለት ነው የማሠራው።

ገንዘብሽን የት እንደምታውዪ እንግዲህ ልንገርሽ። አሁን ሚዛን፣ ጭምብል፣ ሦስት ባልዲ፣ አንድ ደብተር ግዢ። መሽከርከሪያውንም አታስቢው፤ እጅሽ ገና ጭቃውን እየተማረ ነው። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሠራበትን ቀን፣ የገሉን መጠን፣ ክብደቱን፣ የተቃጠለበትን ቀንና ምን እንደሆነ ጻፊ። ከተቻለሽ ምድጃ ያለው ሰው ፈልጊና ለምትይዢው ቦታ ከፍለሽ የሙከራ ቁራጮችሽን በ1,000፣ በ1,050፣ በ1,100 ዲግሪ አስቃጥዪ። የጭቃሽን ወሰን የምታውቂው በዚህ ነው። የተቃጠለውን ቁራጭ ደረቁን መዝኚ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሪ፣ ጠራርገሽ እንደገና መዝኚ። 100 ግራም የነበረው 112 ከሆነ ከመቶ 12 እጅ ውሃ ጠጥቷል፤ ለስኒ ገና ነው።

በርሜልሽ ላይ ከ20 ዕቃ 18 በደህና ማውጣት ስትችዪ፣ ያውም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ፣ ያን ጊዜ ምድጃ ይገባሻል። ያኔም ከትልቁ አትጀምሪ። በአንድ 16 አምፔር መስመር የሚሠራ፣ 3 ኪሎዋት ገደማ የሚስብ፣ ስምንት አሥር ስኒ የሚይዝ ትንሽ ምድጃ ያዢ፤ መስመሩ ግን ያኔም ለብቻው ይሁን። ከምትተኙበት ክፍል ጋር አንድ ጣራ ሥር አይሁን፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ የኤሌክትሪክ ነው ተብሎ አይናቅም። መስኮት ይከፈት፣ ሰው አይቀመጥበት። ለአሁኑ ግን የዚህን ሳምንት ሥራ ከፀሐይ አንሺና ፌስታል አልብሺው።